የቤት እመቤት ተብላ የተመዘገበች ወታደር

በአንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል መስኮት ፊት ቆመን ነበር። መዝጋቢው ቀና ሳይል «ስም?» አለ፤ ነገረችው። «ዕድሜ?» አለ፤ ነገረችው። «ሥራ?» ባለ ጊዜ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከዚያ በፊት ከአፏ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ወታደር ነበርኩ» አለችው። ሰውየው ለአፍታ አያት። ነጠላዋን፣ የደበዘዘ ሹራቧን፣ የላስቲክ ጫማዋን አየ። ፈገግ አለና ጻፈ። የሚጽፈው በመስታወቱ በኩል ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር፤ «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ በእርሱ ዓይን ደግሞ ስድሳ ዓመት ያለፋት አንዲት ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ጀግንነት የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር እነዚያ ሁለት ቃላት ፊቴ ላይ ይደቀናሉ።

ይህች ሴት በእናቴ ግቢ፣ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተከራይታ የኖረች ናት። የግቢው ልጆች ሁሉ «እትዬ» እያልን ነው ያደግን። አንቱታን ራሷ ከልክላናለች፤ «አንቱ የሚባሉት አዛዦች ናቸው» ትል ነበር። ጦር ሜዳ የገባችው ሃያ ዓመት ሳይሞላት ነው፤ የወጣችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በየትኛው ወገን ተሰልፋ እንደ ነበር አልነግራችሁም። አንባቢዬ ይቅር ይበለኝ፤ ይህን የምደብቀው ለማንጠልጠል ብዬ አይደለም። ታሪኳን ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ነው። «የማን ወገን ነበረች?» ይሉኛል። መልሱን እስክሰጥ ድረስ ኀዘኔታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ከመልሱ በኋላ ወይ ይለቁታል ወይ ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል። የሌሊት ቅዠት የማንም ወገን አባል አይደለም። ስለዚህ ያለ ወገን ትቅረብላችሁ፤ ወታደር ነበረች፣ ይበቃል።

አልጋዋ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በር ያዞረ ነው። መብራት አጥፍታ ተኝታ አታውቅም፤ መብራት በሄደ ሌሊት ኩራዟን አብርታ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ቧንቧ ጋ ውኃ ለመቅዳት ስትሰለፍ ከኋላዋ ሰው እንዲቆም አትወድም፤ ስለዚህ ሁሌም መጨረሻ ናት፤ ስለዚህም ብዙ ቀን ውኃው ሳይደርሳት ይቆማል። በበዓል ቀን ግቢው ውስጥ በግ ሊታረድ ሲል እሷ በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ደሙ ታጥቦ ቆዳው ከተሸጠ በኋላ ነው። አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ድንገት በረዶ ወረደ። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሰው ከሰው አይሰማማም። ታናሽ ወንድሜ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ክፍል ደጃፍ ላይ ይጫወት ነበር። በረዶው ሲያባራ ብንፈልገው ጠፋ። ያገኘነው አልጋዋ ሥር ነው፤ እሷ በላዩ ላይ ተኝታበት፣ በሁለት እጇ ጆሮዎቹን ደፍና። ልጁ አላለቀሰም። «እትዬ ዝም በል አለችኝ» አለ። እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻት፤ ማንም ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን የሰፈሩ ሰው «ለክፏታል» ማለት ጀመረ።

አማርኛችን ለዚህ ሕመም ቃል አጥሮት አይደለም። ሰቀቀን አለን፤ ቅዠት አለን፤ በርግጎ መነሣት፣ መባነን፣ ድንብር፣ ሥጋት አለን። ሐኪሞች «ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም» ብለው የሚተረጉሙትን ነገር አያቶቻችን ከዐድዋም ከማይጨውም ሲመለሱ አይተውታል። የጎደለን ቃሉን ለማን እንደምንሰጥ ማወቅ ነው። ወንዱ ዘማች ሌሊት ሲጮህ «ጦር ሜዳው ታየው» ይባላል። ሴቲቱ ስትጮህ «ለከፋት» ይባላል። የእርሱ ጩኸት ከታሪክ ይመነጫል፤ የእሷ ከጋኔን።

እንግዲህ ኑዛዜዬን ላስቀድም፤ እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁምና። ከብዙ ዓመት በፊት ስለ እርሷ ግጥም ጽፌ ነበር። በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አነበብኩት፤ ተጨበጨበልኝ። ግጥሙ ውስጥ ጠመንጃ ነበረ፤ ጎፈሬ ነበረ፤ ተራራ ነበረ፤ «ከወንድ የማታንስ» የምትል ስንኝም ነበረች፤ ቤት መምቻዋ እስካሁን ታሳፍረኛለች። በማግሥቱ ክፍሏ ሄጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ጥሩ ነው፤ ይኼ የጻፍሻት ሴት ግን ሌሊት ትተኛለች» አለችኝ።

እኛ ብዕር ያነሣን ሰዎች ለተዋጉ ሴቶች የሠራንላቸውን ውለታ እስቲ እንቁጠረው። አንዲትን ሴት ስናወድስ «ወንድ ናት» እንላለን። ይህ ምስጋና ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ለአንድ ቀን ያስከብራታል፣ ለቀሪው ዕድሜዋ ደግሞ ሴት ሆና የደረሰባትን ሁሉ እንዳትናገር አፏን ይዘጋል። ወንድ ናት ከተባለች በገዛ ጓዷ የተደፈረች ምን ብላ ትናገራለች? ወንድ ናት ከተባለች ምሽግ ውስጥ ያስወረዳትን ምን ብላ ትናገራለች? ሜዳ ላይ የወለደችውን ልጅ ለማንም አስረክባ የሄደች እናት፣ ወንድ ከሆነች፣ ጡቷ ያጋተውን ወተት ምን ትበለው?

የሕጋችን ቋንቋ እንኳ ከግጥማችን የተሻለ ጨዋ ነው። በአዋጆቻችን የትርጓሜ ክፍል ውስጥ በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም እንደሚጨምር የምትናገር አንዲት አጭር ንኡስ አንቀጽ አለች። ባየኋት ቁጥር እስቃለሁ። «የቀድሞ ወታደር» ሲባል እትዬም አለችበት ማለት ነው፤ በንኡስ አንቀጽ ተጨምራ። ካርድ ክፍል ስትደርስ ግን ንኡስ አንቀጿ አትሠራም።

በዚህ ረገድ ባሕር ማዶ አንድ ነገር ሆኗል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ መፈክር አድርጎ የሰቀለው ፕሬዚዳንት ሊንከን በመጋቢት 1865 በሁለተኛው በዓለ ሢመታቸው ከተናገሩት የተወሰደ ሐረግ ነበር። ሐረጉ ውጊያውን ለተሸከመው «ለእርሱ»፣ ለመበለቱና ለሙት ልጁ እንክብካቤ ይደረግ የሚል ነው። ሴቲቱ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ ያላት መበለት ሆና ብቻ ነው። ሴቶች የቀድሞ ወታደሮች ለዓመታት ተሟገቱ። «ለአንዲት ተውላጠ ስም ይህን ያህል!» ብለው የሳቁባቸው አልጠፉም። በመጨረሻ በመጋቢት 2023 መፈክሩ ተለወጠ፤ አሁን በአገሪቱ ጦር ውስጥ ያገለገሉትን ሁሉ፣ ቤተሰባቸውንና አስታማሚዎቻቸውን የሚያካትት ሆኗል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ አንዲት ተውላጠ ስም መከራከር ከንቱ ነው የምንል ከሆነማ መጻሕፍታችንን ሰብስበን ለሱቅ መጠቅለያ እንስጥ።

ነገሩ በቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ ባላነሣሁት። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ በውትድርና ላይ ሳሉ ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የምክር አገልግሎት እንዲሰጥ አደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዶችም ተጨመሩ። (ልብ በሉ፤ ለሴቶች ተብሎ የተከፈተው በር ወንዶቹንም አስገባ።) ዛሬ በዚያ መሥሪያ ቤት ሐኪም ፊት የሚቀርብ የቀድሞ ወታደር ሁሉ ይጠየቃል። ከሴቶቹ ከሦስቱ አንዷ «አዎ፣ ደርሶብኛል» ትላለች። ሕክምናውን ለማግኘት በጊዜው ለአለቃ አመልክታ እንደ ነበር ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ ወረቀት አምጪ አትባልም፤ ክፍያም አትጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ደግሞ 284 ሴቶች፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የቀድሞ ወታደሮች፣ በሁለት ተከፍለው ለአሥር ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ለአንድ ሰዓት ተኩል ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። የደረሰባቸውን ነገር በዝርዝር ደጋግመው እየተረኩ ሲሸሹት የኖሩትን ሁሉ ቀስ በቀስ እንዲጋፈጡት የተደረጉት፣ ስለ ዛሬ ኑሯቸው ብቻ ከተመከሩት የተሻለ ዳኑ። አሥር ጊዜ መቀመጥ! ሰው ሠላሳ ዓመት ተሸክሞት የኖረውን ነገር ለማቅለል አሥር ጊዜ ከሚያዳምጥ ሰው ፊት መቀመጥ ብዙ ነው?

አሜሪካን ለማወደስ አልተነሣሁም። እዚያም ጦር ሠራዊት ውስጥ ያለፉ ሴቶች ካላለፉት ይልቅ በራሳቸው ላይ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ለወንዶች በተሠራ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ «ባለቤትሽን ልታሳክሚ ነው የመጣሽው?» እየተባሉ የተማረሩ ብዙ ናቸው። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ወንድሞች በሁሉም አገር አሉ። ልዩነቱ እነርሱ ጠየቁ፤ ቆጠሩ፤ ስለዚህም የሚከራከሩበት ቁጥር አላቸው። እኛ አልጠየቅንም።

ለመሆኑ ስንት ናቸው የእኛዎቹ? በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንደ ነበር ይነገራል፤ በውስጡ ነርሶች፣ የሬዲዮ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች ሆነው የዋሉ ሴቶች ነበሩበት። ከሕወሓት ታጋዮች ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደ ነበሩ ደጋግሞ ተጽፏል፤ ከድሉ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጥቂት ገንዘብና አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤት ተሸኙ። ወደ የትኛው ቤት? ትናንት ሻለቃ ያዘዘች ሴት ዛሬ እንጀራ መጋገር አልቻለችም ተብላ የምትሳቅበት ቤት፤ «ከስንት ወንድ ጋር ስታድር ኖራ» እየተባለ ለወንድሟ ሠርግ የማትጠራበት ቤት። ከዚያም ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት መጣ። ከዚያም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው መጣ፤ ከዚያኛው ጦርነት ከወጡት ሴቶች መካከል ጠመንጃ ያነሡት ከተደፈሩ በኋላ የሆኑ እንዳሉ ጋዜጠኞች ከአንደበታቸው ሰምተው ዘግበዋል። እነዚህ ከውጊያው በፊት ቆስለው ወደ ውጊያው የገቡ ናቸው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በልዩ ልዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማሰናበትና መልሶ ለማቋቋም ዕቅድ ወጣ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሥራው ተጀመረ። መጀመሩ መልካም ነው። ሰው ጠመንጃውን አስረክቦ፣ በጣት የሚቆጠሩ ቀናት ሠልጥኖ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ በቴሌቪዥን ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ጠመንጃ የሚረከብ ሰው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አለ፤ የጠመንጃው ቁጥር ይጻፋል። የሴቲቱን እንቅልፍ የሚጠይቅ መዝገብ የታለ?

እዚህ ላይ የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አገሩ ሁሉ ታሟል፤ ማን ያልተጎዳ አለ? ከሁሉ አስቀድሞ ለሴት ወታደሮች የሚባለው ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ይህ ፍትሕ የሚመስል ስንፍና ነው። ለሁሉም እኩል ይሁን ማለት በተግባር በሰልፉ ፊት ለቆመው ይሁን ማለት ነው፤ እትዬ ደግሞ ከኋላዋ ሰው እንዳይቆም ስትል ሁልጊዜ መጨረሻ የምትቆም ናት። ይህ ሕመም ሰውን ከሰልፍ ያወጣዋል፤ ተፈጥሮው ነው። ሰው የበዛበት ቦታ ያስፈራዋል፤ መጠየቅ ያስደነግጠዋል፤ ስለ ጉዳዩ ማሰብን እንኳ ይሸሻል። ራሱ ታማሚው ከሐኪም የሚሸሽበትን ሕመም «ሲመጡ እናክማለን» ብሎ መጠበቅ ዕውር ደብዳቤ እስኪያነብ እንደ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዳጆቼ ነው፤ ስለዚህም ይከብደኛል። «የእኛ ሕዝብ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ጠበል አለ፤ ዱዓ አለ፤ ቡና አለ፤ ሽማግሌ አለ፤ የፈረንጅ ምክር አንሻም» የሚሉ አሉ። እናቴ ለእትዬ ያፈላችላት ቡና ብዙ ክኒን የማይሠራውን እንደ ሠራ አልክድም። ጠበል ሄዳም እፎይ ብላ የመጣችበት ጊዜ አለ። እዚያ ቢያንስ አንድ ሰው እጁን ጭኖባት «አይዞሽ ልጄ» ይላታል። ነገር ግን ቡናው ላይ ሁሉ ነገር ይወራል፣ እርሱ ግን አይወራም። ጠበሉ ላይ ደግሞ በውስጧ ያለው «ክፉ መንፈስ» ነው ተብሎ ይገሠጻል፤ እሷም ታምናለች፤ የደረሰባት ነገር የእሷ ርኩሰት ሆኖ ይቀራል። ካህኑና ሐኪሙ ተባብረው ቢሠሩ ደስታዬ ነው። አንዱ ለሌላው ማምለጫ ሲሆን ግን ዝም አልልም።

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚለውን ሦስተኛውን አጭር አደርገዋለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ባሕር ማዶ ሄዶ ነበር የሚማር። ዛሬም ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው በከተማ ናቸው። እውነት ነው፤ ድሃ ነን። ጦርነቱን ለመክፈት ግን ድህነታችን አልከለከለንም።

ወደ ሠፈራችን፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ ልመለስ። ስለ ጦርነት ከተጻፉት ልቦለዶቻችን ሁሉ የገነነው ኦሮማይ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያንን መጽሐፍ አሳትሞ በማግሥቱ ዓመት የገባበት ጠፋ፤ ለእውነት የከፈለውን ዋጋ ማንም አያቀለውም። ሆኖም በዚያ ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ጦርነቱ መሐል የቆመችው ሴት ፊያሜታ ናት፤ የምትፈቀርና የምትሰልል። ከእርሷ ወዲህ የጻፍን ብዙዎቻችን የተዋጊ ሴት መልክ ሲያስፈልገን ከዚያው ጓዳ ተበደርን፤ ወይ ፍቅረኛ፣ ወይ ሰላይ፣ ወይ ሐውልት አደረግናት። ጦርነቱ ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መብራት በሄደ ሌሊት ኩራዝ ይዛ የተቀመጠች ሴት በልቦለዶቻችን ውስጥ ፈልጉልኝ።

ወግ የለንም እንዳይባል ደግሞ ስንዱ ገብሩ አሉ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ታስረው ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው የነበሩ፣ ተመልሰውም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ የሆኑት ወይዘሮ፣ የልቤ መጽሐፍ ብለው ግጥምና ተውኔት አሳትመዋል። በዚያ ዘመን አንዲት የታሰረች አርበኛ ስለ ልቧ መጻፏ ራሱ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበር ስንቶቻችን ቆም ብለን አስበናል? አስተማሪዎቻችን እርሳቸውን «የመጀመሪያዋ» በሚል ዝርዝር ውስጥ አስቀመጡልን፤ ለፈተና አጠናናቸው፣ አለፍን። የተዋጉትን ሴቶቻችንን ለዓለም ያስነበበች ማዛ መንግሥቴ ናት፤ እርሷም በእንግሊዝኛ ነው የጻፈች። ዘ ሻዶው ኪንግ የተሰኘው ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዛ እንደ ዘመተች የሰማችው ዘግይታ፣ መጽሐፉን እየጻፈች ሳለች ነው። እንግዲህ በገዛ ቤተሰቧ ውስጥ እንኳ ነገሩ ሳይወራ ኖሯል ማለት ነው።

የቤላሩሷ ስቬትላና አሌክሲየቪች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችውን መጽሐፍ ያነበበ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ቴፕ ይዛ ከቤት ቤት ዞረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የሶቪየት ሴቶችን፣ አነጣጥሮ ተኳሾችን፣ የሕክምና ረዳቶችን፣ አብራሪዎችን፣ ልብስ አጣቢዎችን በመቶዎች አነጋገረች። ከድሉ በኋላ ሜዳሊያቸውን ደብቀው የኖሩ፣ የግንባር ጋለሞታ ተብለው የተሰደቡ፣ ለባላቸው እንኳ ያልተናገሩ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የጠየቃቸው አልነበረም፤ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ስትጠይቃቸው አወሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ሰጧት። እኛስ? ቴፕ እንኳ አያስፈልገንም፤ ሁላችንም ኪስ ውስጥ መቅጃ አለ።

መንግሥትን የምጠይቀው ከዚህ የሚከብድ አይደለም። በማሰናበቻ ጣቢያዎቹ ላይ ሴቲቱን ለብቻዋ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል፣ በሴት ባለሙያ፣ በራሷ ቋንቋ ትጠየቅ። የሚጠየቀውም ጠላት ያደረሰባትን ብቻ አይሁን፤ የራሷ ወገን ያደረሰባትም ይጠየቅ፤ መልሷም ወደ አለቆቿ አይመለስ። በወረዳዋ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ነርስ ይህን ሕመም እንድታውቅ ተደርጋ ትሠልጥን። በየሆስፒታሉ ቅጽ ላይ «በውትድርና አገልግለዋል ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ቀለምና ወረቀት ነው የሚጠይቀው። እትዬን የመሰሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሸኙና ዛሬ ማንም የማይፈልጋቸው ደግሞ ተፈልገው ይገኙ፤ በየቀበሌው የኪራይ ክፍል ውስጥ አሉ።

የሆስፒታሉን ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። በዚያ ቀን የገባንበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ታማሚ ጎን ለጎን ያክሙ ነበር፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ተማሪዎችም ቆመው ነበር። «ምን ያምሻል?» አላት። «እንቅልፍ» አለች። የእንቅልፍ ክኒን ጻፈላት። አራት ደቂቃ አልሞላም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መስኮቱን እያየች «ቢጠይቀኝ ልነግረው ነበር» አለች። እስከ ሰፈር ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

በሦስተኛው ቀጠሮ አንዲት ወጣት ሐኪም ደረሰችን። ካርዱን አየችው፤ «የቤት እመቤት» የሚለውን አነበበችና «ከዚያ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር እናቴ?» አለቻት። እትዬ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ሐኪሟ ገባት፤ ተማሪዎቹን አስወጣች፤ እኔንም በትሕትና አስወጣችኝ፤ በሩን ዘጋች። ኮሪደሩ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ነገር ግን ስትራመድ አየኋት፤ በሰው መሐል አልፋ፣ ከኋላዋ ማን እንዳለ ሳታይ ሄደች። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተመላለሰች። አንድ ሌሊት፣ እናቴ እንደ ነገረችኝ፣ ከመስኮቷ ብርሃን አልታየም፤ እናቴ ደንግጣ ሄዳ ብታንኳኳ ተኝታ ኖሯል።

ባለፈው ወር ሐኪሟ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። በምትኳ የተመደበው ወጣት፣ እንደ ሰማሁት ትሑት ሰው ነው፤ ወንድ ነው፤ ክፍሉን የሚጋራው ከሌላ ሐኪም ጋር ነው። ይህን ስነግራት እትዬ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇን ሳታቆም «ከመጀመሪያው ልጀምርለት ነው?» አለችኝ።

ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው። ትሂድ አትሂድ ገና አልወሰነችም።